ዛሬ ጎርጎራ፣ ጣና ዳር፦ ለትልቁ ጀልባ የምትሆን አመላላሽ

ቀኑን ሙሉ ያከራከረው ነገር ይህ ነው፦ ከትልቁ ጀልባ ወደ ዳር የምታመላልስ፣ ጎኗ በአየር የሚነፋ ትንሽ ጀልባ ሆዷ አሉሚኒየም ይሁን ወይስ ፋይበርግላስ? አሉሚኒየም። 3 ሜትር ያህል የሆነች ቀላሏ ያለ ሞተር ከ40 እስከ 50 ኪሎ ስለምትመዝን ሁለት ሰው ያነሳታል። ድንጋይ ሲመታትም ትሰረጎዳለች እንጂ በቀላሉ አትሰነጠቅም። ብቻ የነሐስ ብሎን አታስጠጉባት፤ እርጥበት ሲጨመርበት አሉሚኒየሙን ይበላዋል።

ለጎኗ ፒቪሲ (የፕላስቲክ ሸራ) ርካሽ ነው። የኛ ፀሐይ ግን ቶሎ ይጨርሰዋል፤ ገንዘብ ካለ ሃይፓሎን (ፀሐይ የሚችል የጎማ ሸራ)፣ ከሌለ ሽፋን ይሰፋላት።

ብዙ ሰው የሚሳሳተው አየሩ ላይ ነው። ጎንደር ላይ በ0.25 ባር (ባር የአየር ግፊት መለኪያ ነው) ተነፍታ ጎርጎራ ስትደርስ ከ300 ሜትር በላይ ስለወረደች የውጭው አየር ግፊት ይጨምርና 0.03 ባር ያህል ይጎድልባታል። ቀዳዳ አለ ብላችሁ ሳሙና መቀባት አትጀምሩ! ውሃው ዳር ሙሏት። ቀትር ላይ ፀሐይ ካገኛት ደግሞ ትንሽ አስተንፍሷት፤ የውስጡ አየር 10 ዲግሪ ሲሞቅ የጎደለውን ያህል ይጨምራል።

ሞተሩስ? ጣና 1,800 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ስለሆነ የቤንዚን ሞተር ከጉልበቱ አንድ አምስተኛ ያህል ያጣል። 5 ፈረስ ጉልበት ብላችሁ የገዛችሁት 4 ነው።