የሞላው ሣጥን

ወረርሽኝ ተነስቶ በአስቸኳይ የተጠራ የኩፍኝ ክትባት ዘመቻ ላይ ነበርን። የቡድኑ አስተባባሪ እኔ ነኝ። የቀኑ እቅድ 300 ሕፃናት ነው። ጠዋት የተረከብነው ግን ሁለት ሴፍቲ ቦክስ፣ ማለትም ያገለገለ መርፌ የሚጣልበት ሣጥን፣ ብቻ ነበር። 5 ሊትር የሚይዘው ሣጥን ቢበዛ 100 ያህል ሲሪንጅ ነው የሚቀበለው። እንደማይበቃን ገብቶኛል። ለኃላፊው ደወልኩ። «በያዛችሁት ጀምሩ፣ ይላክላችኋል» አለኝ። ጀመርን።

የኩፍኝ ክትባት አንዴ ከተበጠበጠ ዕድሜው 6 ሰዓት ነው። ከዚያ ያለፈው ይጣላል። ስለዚህ ብልቃጥ ከተከፈተ በኋላ አረፍ የሚል የለም። ሰልፉ ረጅም ነው፣ ሕፃናቱ ያለቅሳሉ፣ ስልኬ በየሰዓቱ ይጮሃል። «ስንት ደረሳችሁ?» የሣጥኑን ነገር ግን ማንም አልጠየቀኝም።

9 ሰዓት ገደማ ሁለቱም ሣጥኖች ሞሉ። ሦስት አራተኛው ሲሞላ መዘጋት ነበረባቸው። የሚተካ ስላልነበረን እየገፋን ጨመርን። ከነርሶቹ አንዷ የተጠቀመችበትን ሲሪንጅ ስትከት ከውስጥ ቀና ብላ የቆመች መርፌ አውራ ጣቷን ወጋቻት። ይህን ያወቅኩት ግን በኋላ ነው። ያኔ ያየሁት ጣቷን በጥጥ ስትጠቀልል ብቻ ነበር። አልጠየቅኳትም። እስከ ዛሬ የሚቆጨኝ ይሄ ነው።

ማታ 1 ሰዓት ላይ ዕቃ ስንሰበስብ ጠጋ አለችኝ።

«ሲስተር፣ አንድ ነገር ልንገርሽ። ግን ሪፖርት እንዳታደርጊው።»

ጥጡን ፈታችው። የመርፌ ጫፍ የምታክል ቀይ ነጥብ ናት።

«ለምን ወዲያው አልነገርሽኝም?»

«ኮንትራቴ ወር ሲሞላ ያልቃል። ‹ጥንቃቄ የላትም› ከተባልኩ ማን ያድስልኛል? ሰልፉንስ ማን ይጨርሰዋል?»

4 ሰዓት አልፏል። መርፌ የወጋው ሰው ወዲያው በሳሙናና በሚፈስ ውኃ መታጠብ አለበት፣ ቁስሉን መጭመቅ የለበትም። የኤች አይ ቪ መከላከያው መድኃኒት ካስፈለገ በ72 ሰዓት ውስጥ መጀመር አለበት፣ በፈጠነ ቁጥር ይሻላል፣ ለ28 ቀን ይወሰዳል። የኛ መርፌ ከሣጥን ውስጥ ስለሆነች የማን እንደሆነች አይታወቅም። ኤች አይ ቪ ካለበት ሰው የመጣ መርፌ ሲወጋ የመያዝ ዕድሉ ከ1,000 ወደ 3 ገደማ ነው። ያልተከተበ ሰው ጉበትን በሚያጠቃው በሄፓታይተስ ቢ የመያዝ ዕድሉ ግን እስከ 30 በመቶ ሊደርስ ይችላል።

«የጉበቱን ክትባት ጨርሰሻል?» አልኳት።

«አንዱን ዶዝ ብቻ ነው የወሰድኩት።»

ሦስት ዶዝ ነው። ቀኑን ሙሉ የሰው ልጅ ስትከትብ የዋለች ነርስ፣ የራሷን ክትባት ማንም ሳያስጨርሳት ነው ወደ ዘመቻ የተላከችው።

በዚያው ምሽት ሆስፒታል ወሰድኳት። ተረኛው ሐኪም የሪፖርት ፎርም ሳይጠይቅ የመጀመሪያውን መድኃኒት አስጀመራት። እግዜር ይስጠው።

በማግሥቱ ኃላፊው «የግል ጥንቃቄ ጉድለት ብለሽ ጻፊው» አለኝ። አልጻፍኩም። እንዲህ ያለች አንዲት ሐረግ ብዙ ትወስናለች። በሥራ ላይ የደረሰ ጉዳት ሆኖ ካልተመዘገበ ሕክምናውም ምርመራውም ከኪሷ ሊሆን ነው። ስንት ሣጥን እንደተረከብን፣ ስንት ሰዓት ላይ ደውዬ ምን እንደተባልኩ ጻፍኩና ፈረምኩ።

ዓለም አቀፉ የሥራ ድርጅት እ.ኤ.አ. በ1977 ስለ ነርሶች ብቻ የሚናገር ስምምነት አውጥቷል፣ ቁጥር 149። እ.ኤ.አ. በ1981 የወጣው ቁጥር 155 ደግሞ ለሕይወቱ ወይም ለጤናው ከባድና ቅርብ አደጋ አለ ብሎ በበቂ ምክንያት ከሥራው ገለል ያለ ሠራተኛ እንዳይቀጣ ይጠብቃል። እንዲህ ያለ ነገር መኖሩን ያወቅኩት ከአደጋው በኋላ ነው። የዘመቻ ሥልጠናችን ሁለት ቀን ሙሉ ስለ ክትባቱና ስለ መዝገቡ ነበር። ስለ እኛ ግን አንድ ስላይድ እንኳ አልነበረበትም።

በሦስተኛው ቀን ሣጥን እስኪመጣ አልጀመርንም። 40 ደቂቃ ቆምን። ለወላጆቹ ምክንያቱን ነገርናቸው፣ ጠበቁን።

ልጅቷ መድኃኒቱን እያቅለሸለሻት 28 ቀን ጨረሰች። የጉበቱንም ክትባት አሟላች። በ6ኛው ወር የመጨረሻ ምርመራዋ ነጻ መሆኗን በስልክ ስትነግረኝ ሁለታችንም አለቀስን። ኮንትራቷ ግን አልታደሰም። ምክንያቱንም በጽሑፍ አልሰጧትም። ያን ቀን የፈረምኩት ወረቀት ቅጂ እጇ ላይ አለ፣ በማኅበራችን በኩል አቤቱታ አስገብታለች። ለምስክርነት ከጠሩኝ እሄዳለሁ።