የክረምት ጓዳ፦ ሽንኩርት ሲወደድ ምን እናብስል?

ሰኔ መጨረሻ ላይ ትምህርት ቤት ሲዘጋ የቤታችን አስቤዛ ወዲያው መልኩ ይቀየራል። ሦስቱም ልጆቼ ቀኑን ሙሉ ቤት ናቸው። ዝናቡ ከደጅ ያስገባቸውና ጓዳ መመላለስ ይጀምራሉ። ብርዱ ደግሞ ያስርባል። ድሮ በምሳ ዕቃ የሚያልፈው ቀን አሁን ቁርስ፣ ምሳ፣ መክሰስ፣ እራት ይፈልጋል። ከፊት ደግሞ የመስከረም ምዝገባ፣ ደብተርና ዩኒፎርም አለ። የክረምት ደሞዝ ገና እጅ ሳይገባ መሄጃው የታወቀ ነው።

ኑሮ ተወደደ ሲባል ሁሉም ሰው መጀመሪያ ጤፍን ያነሳል። ጤፍ ውድ መሆኑ አያከራክርም። እኔ ግን ወጪዬን በደብተር እየጻፍኩ ስከታተል ያየሁት ሌላ ነው። በክረምት ሳናውቀው ብሩን የሚጨርሱት ሽንኩርት፣ ዘይትና ማገዶ ናቸው። ጤፍ አንዴ ተገዝቶ፣ ተፈጭቶ ይቀመጣል። ሽንኩርትና ከሰል ግን በትንሽ በትንሹ በየቀኑ ከእጃችን ይወጣሉ። ስለዚህ በክረምት የማበስለውን የምመርጠው በነዚህ ሦስቱ ነው። እነሱን ብዙ የማይጠይቅ ምግብ እሠራለሁ፣ ዝናቡ ያመጣውን ደግሞ በደንብ እንበላለን።

ሽንኩርት ዝናብ አይስማማውም። ደህናው ምርት በበጋ፣ በመስኖ የሚደርሰው ነው። ዝናብ ሲበዛ ማሳ ላይ በሽታ ይመታዋል፤ የተሰበሰበውም እርጥበት ካገኘው ቶሎ ይበሰብሳል። ቲማቲምም እንደዚያው ነው። ውጪው አምሮ፣ ቤት ገብቶ ሲላጥ መሀሉ የለሰለሰ ሽንኩርት የሚያጋጥመን በዚህ ጊዜ ነው። ስትገዙ አንገቱን በጣታችሁ ጫን አድርጉት፤ ከለሰለሰ ተዉት። እኔ በክረምት ከ2 ኪሎ በላይ አልገዛም። የምገዛውንም ፌስታል ውስጥ አልተወውም፣ ነፋስ የሚያገኘው ቅርጫት ላይ አሰጣዋለሁ።

ሽንኩርት የወጣችን መሠረት ነው፣ እሱን አልክድም። ግን ሁሉም ወጥ እኩል ሽንኩርት አይፈልግም። ምስር ወጥ ሽንኩርት ሲያንሰው ያስታውቃል። ሽሮ ግን ይችለዋል፣ ዱቄቱ በደንብ የተሰናዳ ከሆነ። እናቴ ሽሮዋን የምታሰናዳው ዝናቡ ሳይገባ ነበር። ሽምብራውና አተሩ ታምሶ ይከካል። ነጭ ሽንኩርቱ፣ ዝንጅብሉ፣ ቀይ ሽንኩርቱም ሳይቀር ተከትፎ በፀሐይ ይደርቃል። ከዚያ ከኮረሪማው፣ ከጥቁር አዝሙዱ፣ ከበሶብላውና ከበርበሬው ጋር አብሮ ወፍጮ ቤት ይሄዳል። ሽንኩርቱ በርካሽ ጊዜው ተገዝቶ ዱቄቱ ውስጥ ገብቷል ማለት ነው። ሐምሌ ላይ ድስቱ ሌላ ብዙ ሽንኩርት አይጠይቅም። የድሮ እናቶች ይህን ያደርጉ የነበረው ለጣዕም ብቻ አይመስለኝም።

ለአምስት ሰው እኔ የምጠቀመው አንድ ትንሽ ራስ ሽንኩርት ነው። በጣም ደቅቆ ይከተፋል። መጀመሪያ ዘይት አላደርግበትም። በደረቁ፣ በቀስታ እሳት አቁላላዋለሁ፤ ድስቱን ሲይዝ ጠብ ጠብ እያደረግሁ ውሃ እሰጠዋለሁ። ሽንኩርቱ ሲሟሟና ሽታው ሲለወጥ ነው 3 የሾርባ ማንኪያ ዘይት የምጨምረው። ቀድሞ የገባ ዘይት ሽንኩርቱ ይጠጣውና ሌላ ጨምሪ፣ ጨምሪ ያሰኛል። ብር ሐምሌ 22 ቀን 2016 ዋጋው በገበያ እንዲወሰን ከተደረገ ወዲህ ከውጭ የሚገባ ነገር ሁሉ ሌላ ዋጋ ይዟል። የምንገዛው ዘይት ደግሞ አብዛኛው ከውጭ ነው። ስለዚህ ይቺ የማንኪያ ቁጥር ቀላል ነገር አይደለችም። ከዚያ ነጭ ሽንኩርት፣ ውሃ፣ ውሃው ሲፈላ ሽሮ። ለ1 ብርጭቆ ሽሮ 4 ብርጭቆ ውሃ ይበቃል። እሳቱን ቀንሳችሁ ዘይቱ ከላይ ብቅ እስኪል ይንተክተክ። የጥሬ ዱቄት ጣዕም የሚጠፋው እዚህ ላይ ነው፣ አትቸኩሉ።

አሁን ወደ ጎመን ልምጣ፤ ክረምት የጎመን ነውና።

ጎመን በኛ አገር ስሙ ከችግር ጋር ተያይዟል። መስከረም ሲጠባ «ጎመን ውጣ፣ ገንፎ ግባ» የሚባለው ለዚህ ነው። ጎተራ ባዶ ሲሆን፣ አዲሱ እህል ገና ማሳ ላይ ሳለ፣ ገበሬውን ይዞት የሚከርመው ጎመን ነበር። ይገባኛል። ግን «ጎመን በጤና» ያሉትም እነሱው ናቸው፣ እኔም የምይዘው ይሄኛውን ነው። ሐምሌና ነሐሴ ጎመን ትኩስ፣ ለስላሳና ርካሽ ነው። በአንድ ኪሎ ሽንኩርት ዋጋ ቤተሰብ የሚያጠግብ ጎመን ከነድንቹ ገዝቼ የተመለስኩባቸው ቀኖች አሉ።

የምኖረው ጀሞ ነው። አትክልት ተራ ከፒያሳ ተነስቶ፣ በጃንሜዳ በኩል አድርጎ ሃይሌ ጋርመንት ከመጣ ወዲህ ለኛ ሰፈር ቀርቦናል። ቅዳሜ ከሰዓት ከጎረቤቶቼ ጋር ተደራጅተን እንሄዳለን፣ ገዝተን እንካፈላለን። ድንችና ካሮት እንዲህ ሲገዛ ልዩነቱ ይታያል። ጎመንን ግን ከሰፈር ነው የምገዛው፣ ያውም ወደ ማታ። ሰማዩ ሲጠቁር ጎመን ሻጯ ራሷ ትጠራኛለች። «ነይ እናቴ፣ ዝናቡ ሳይመጣ ልጨርሰው፣ ምርቃት እጨምርልሻለሁ!» ትለኛለች። አልከራከራትም። በዚያ ብርድ ቆማ የምትውል ሴት ናት። የእሁድ ገበያም ቅርባችሁ ካለ ተመልከቱ፤ ለእህልና ለጥራጥሬ ከሱቅ ይሻላል።

ጎመን ስትመርጡ ቅጠሉን እጠፉት። ቀጭ ብሎ ከተሰበረ ትኩስ ነው፤ እንደ ጨርቅ ከታጠፈ ውሎ አድሯል። በክረምት ቅጠሉ ሥር ተባይ ይደበቃል። ስለዚህ ጨው ባለበት ውሃ ትንሽ ዘፍዝፉትና ደጋግማችሁ እጠቡት። ቅጠሎቹን ደራርባችሁ፣ ጠቅልላችሁ፣ ቀጭን አድርጋችሁ ክተፉ። አገዳውን አትጣሉት። ልጡን ገፋችሁ በትንንሹ ከትፋችሁ ቀድሞ ድስት ውስጥ ይግባ፣ ቅጠሉ ይከተል። ውሃ አታብዙ፣ የራሱ ውሃ ይበቃዋል። ብዙ ሰው ቀቅሎ፣ ጨምቆ ውሃውን ይደፋል። እኔ ይህን ሳይ ያንገበግበኛል። ከቫይታሚኑ ብዙው ከዚያ ውሃ ጋር ነው የሚፈሰው። ክዳኑን ከድኜ፣ በነጭ ሽንኩርት፣ በዝንጅብልና በትንሽ ዘይት አበስለዋለሁ። ሊወጣ ሲል ቃሪያ ይሰነጠቅበታል። ሳህን ላይ ሎሚ ጠብ አደርግበታለሁ። ሎሚው በጎመኑና በሽሮው ውስጥ ያለውን ብረት ሰውነት እንዲወስደው ያግዛል። ሻይና ቡና ግን በተቃራኒው ብረቱን ይከለክላሉ። ስለዚህ ቤቴ ውስጥ ሻይ ከምሳ ጋር አይቀርብም፣ ሰዓት ቆይቶ ነው።

ለልጆች ጎመን ብቻውን ካስቸገረ ድንችና ካሮት ቆራርጣችሁ ጨምሩበት። የተረፈው በማግስቱ ቂንጬ ውስጥ ይገባል። የእኔዎቹ ከቂንጬ ጋር ሲሆን ጎመን መሆኑን እንኳ አያነሱትም።

ነሐሴ ሲገባ እሸት ይመጣል። የበቆሎ እሸት የሚበላ ቤት መክሰስ ላይ ብስኩት አይገዛም። እህልም ነው፣ ጣፋጭም ነው፣ ልጆቹም ራሳቸው ይፈለቅቁታል። ስትገዙ ሻጩ ፈቅዶ ልባሱን ትንሽ ገለጥ ካደረገላችሁ አንዷን ፍሬ በጥፍራችሁ ጫን በሉ። ነጭ ወተት ከረጨች ለመቀቀል ነው። ውሃ ብቻ ከወጣት ገና ናት። ምንም ካልወጣት ጠንክራለች፤ ለጥብስ ትሁን። በዚያው ቀን ቀቅሉት። እሸት ከተቆረጠ በኋላ ስኳሩ ሰዓት በሰዓት ወደ ስታርች ይለወጣል፣ አድሮ ጣዕም የሚያጣው ለዚህ ነው። ስትቀቅሉ ከውስጥ ያሉትን ስስ ልባሶች አትላጡ። ከነልባሱ ሲቀቀል ሽታው ሌላ ነው።

ብዙ ከተገዛ ደግሞ ፍሬውን በቢላ ሸርክቼ፣ በትንሽ ጨውና በቃሪያ እፈጨዋለሁ። ሊጡ ወፍራም ይሆናል። ያንን በራሱ ልባስ ጠቅልዬ፣ ድስት ውስጥ ትንሽ ውሃ አድርጌ በእንፋሎት አበስለዋለሁ። እንደ ዳቦ ይይዛል፣ ዘይት አይነካውም፣ ፍልሰታም ሆነ ፍስክ ይበላል። ለቁርስ ከዚህ የተሻለ የክረምት ምግብ አላውቅም።

ማገዶን በተመለከተ፣ እርጥብ ከሰል ብር ማቃጠል ነው። ጭሱም ለልጆች ሳንባ ጥሩ አይደለም። ከሰል የምትጠቀሙ በግንቦት ገዝታችሁ ደረቅ ቦታ አስቀምጡ፤ ካልሆነም ቤት ገብቶ ይድረቅ እንጂ እርጥቡን አታያይዙ። ጥራጥሬውን ማታ ዘፍዝፉት። የተዘፈዘፈ ሽምብራ ወይም ባቄላ ካልተዘፈዘፈው በጣም ቀድሞ ይበስላል።

እኔ እንጀራ የምጋግረው በኤሌክትሪክ ምጣድ ነው። ምጣድ ከ3 ኪሎ ዋት በላይ ይስባል። የመብራት ታሪፋችን ደግሞ ፍጆታ በጨመረ ቁጥር ዋጋውም በደረጃ ከፍ የሚል ነው። ስለዚህ ምጣዱ በሳምንት አንድ ቀን ብቻ ይጣዳል። የመጨረሻው እንጀራ ሲወጣ ወዲያው አላነሳውም። ሶኬቱን እነቅልና ሽምብራ ወይም ገብስ አፈስበታለሁ። ሰፌድ ሙሉ ቆሎ በዚያ ትኩሳት ብቻ ይታመሳል። ቆሎው ሲነሳ፣ ምጣዱ ለብ ሲል፣ የተከተፈ ነጭ ሽንኩርትና ዝንጅብል አሰጣበታለሁ። ፀሐይ በሌለበት ወር የሽሮ ቅመም የማደርቀው እንዲህ ነው። ከቀደመው ሳምንት የተረፈ እንጀራ ካለም ሳይሻግት እዚያው ላይ ድርቆሽ ይሆናል። ሊጡን ስታስቡ ደግሞ በብርድ ቡኮ ቶሎ እንደማይነሳ አትርሱ፤ ከበጋው ቀደም ብሎ ይቦካ።

ፍልሰታ ከነሐሴ 1 ጀምሮ እስከ 15 ትንንሾቹም የሚጾሙት ጾም ነው። ልጆች አርፍደው፣ ቆርበው ከቤተ ክርስቲያን ሲመለሱ ያገኙትን አንድ ማዕድ በደንብ ማሰናዳት አለብን ብዬ አምናለሁ። እንጀራ ብቻ ጨምሮ ማጥገብ አይበቃም። እህልና ጥራጥሬ አብረው ሲበሉ የአንዱን ፕሮቲን ጉድለት ሌላው ይሞላል። ስለዚህ እንጀራው ከሽሮ ወይም ከክክ ጋር፣ ጎን ላይ ጎመን፣ ከቻላችሁ ቀይ ሥርና ድንች። ሱፍ የተገኘ ቀን ሱፍ ፍትፍት ያጠግባል፣ ሆድም አይከብድም። ለፍራፍሬ ሙዝና ብርቱካን ካልተቻለ የክረምቱን ኮክ ፈልጉ፣ በለስም መንገድ ላይ ይሸጣል።

ጤፉን ደግሞ የምገዛው በዚህ ወቅት አይደለም። ክረምት ላይ የአምናው ምርት እያለቀ ነው፣ አዲሱ የሚወቃው ከኅዳር በኋላ ነው። የዕቁባችንን ዳኛ አስፈቅጄ ዕጣዬ ጥር ላይ እንዲሆን አድርጌያለሁ። ሌሎቹ ለመስከረም ምዝገባ ስለሚፈልጉት ማንም አልተጣላኝም። በዚያ ብር የዓመቱን ጤፍ እገዛለሁ፣ ከተረፈ ሽምብራና አተር እጨምርበታለሁ። ግንቦት ላይ ሽሮ የሚሆነው እሱ ነው።