ዒላማ ስንተኩስ ዋልን

ዛሬ አርሲ ተራራ ላይ ካምፓችን ውስጥ ሙሉ ቀን በጠመንጃ ክርክር አለፈ። እንግዳችን የመጣው ለደጋ አጋዘን አደን ነው። ይዞ የመጣው ሁለት ጠመንጃ ነው፤ በጥይታቸው ስም 375 ኤች ኤንድ ኤች እና 300 ዊንቸስተር ማግነም የሚባሉ። ልቡ 375ቱ ላይ ነው። አይፈረድበትም፤ ከ1912 እ.ኤ.አ. ጀምሮ አፍሪካን የዞረ ጥይት ነው፣ ጎሽና ዝሆን የጣለ።

እዚህ ግን ጎሽ የለም። ያለው የአስታ ጫካ፣ ገደልና ከ3000 ሜትር በላይ ከፍታ ነው። ወንዱ አጋዘን 300 ኪሎ ሊደርስ ይችላል፤ ቢሆንም የሚታየው ከማዶ ነው፣ ያውም ለአፍታ። የ375ቱ 19 ግራም እርሳስ ራቅ ሲል ቶሎ ይወርዳል። የ300ው 12 ግራም ቢሆን ነው፣ ግን ፈጣን ነው፤ ቀጥ ብሎ ይሄዳል።

ወረቀት ሰቅለን ሞከርን። በ375ቱ ሦስተኛው ተኩስ ላይ ሰውየው ቃታ ሳይስብ ዓይኑን መጨፈን ጀመረ። ትከሻ ይነቅላላ! ዱካ መሪያችን ጋሼ ዝም ብለው ሲያዩ ቆይተው፣ «ልጄ፣ የምትፈራው ጠመንጃ አውሬ ያቆስላል እንጂ አይገድልም በለው» አሉኝ። እኔም ትንሽ አለስልሼ ተረጎምኩ። በ300ው፣ በ200 ሜትር፣ ሦስቱም መዳፍ በማታክል ቦታ ገቡ።

አያቴ ትዝ አሉኝ። አንድ ምንሽር ብቻ ነበረቻቸው፤ ስሟ «ማንሊኸር» ከሚባለው የአውሮፓ ጠመንጃ ስም እንደመጣ ያወቅኩት እዚህ ሥራ ከገባሁ ወዲህ ነው። ምን ምርጫ ነበራቸው!

ነገ ከሌሊቱ 10 ሰዓት እንነሳለን። 375ቱ ካምፕ ይጠብቀናል። ብርዱን ግን አታንሱብኝ።