ከየት ጀምሬ ልቁረጠው?

የእግር ኳስ ቡድን የቪዲዮ ተንታኝ ነኝ። ከውጭ ለሚያየው ኳስ እያዩ ደሞዝ መብላት ይመስላል። አንዷን አጭር ክሊፕ ዓይን እስኪጠፋ መደጋገም መሆኑን የሚያውቅ የለም።

አንድ ጨዋታ 1 ለ 0 እየመራን መጨረሻው ላይ ከመስመር ኳስ ተሻማብን። በረኛችን ሊያወጣት ወጥቶ ሳይደርስባት ቀረ። አጥቂያቸው ወደ ባዶው ጎል መታ። ኳሷ የመሀል ተከላካያችን ጉልበት ላይ ነጥራ ወጣች። ልጁ ራሱ በምኑ እንዳወጣት ያወቀ አይመስልም።

በማግስቱ ስብሰባ የበረኞች አሰልጣኙ "ይሄ እኮ ንጹህ ዕድል ነው" አለ። ዋናው አሰልጣኝ ምንም ሳይሉ ወደ ኋላ እንድመልሰው በእጃቸው ምልክት ሰጡኝ።

መለስኩት። ኳሷ ገና ከአሻሚው እግር ስትነሳ ልጁ ዞር ብሎ በረኛውን ያያል። መውጣቱን እንዳየ አጥቂውን ለጓደኛው በጣቱ ጠቁሞ ወደ ጎል መስመሩ ይሮጣል። ካሜራው እንኳ አልተከተለውም፤ ጥግ ላይ ነው የሚታየው።

"ጉልበቱን ለዕድል እሰጥሃለሁ፤ ሩጫውን ግን አልሰጥህም" አሉት።

ምክትሉ የማንቸስተር ሲቲውን ተከላካይ የጆን ስቶንስን ነገር አነሳ። እ.ኤ.አ. በጃንዋሪ 2019 ሲቲ ከሊቨርፑል ሲጫወቱ የሊቨርፑሉ አጥቂ የማኔ ምት ቋሚውን መትቶ ተመለሰ። ስቶንስ ላውጣ ብሎ ሲመታት የራሱ በረኛ ኤደርሰን ላይ ነጥራ ወደ ጎል ሄደች። ስቶንስ ተከትሎ ደረሰባትና ከመስመሩ ላይ ጠለፋት። ሙሉ በሙሉ ለማለፍ 11.7 ሚሊ ሜትር ቀርቷት ነበር። ሲቲ 2 ለ 1 አሸነፈ፤ በዓመቱ መጨረሻም የሊጉን ዋንጫ በ1 ነጥብ ልዩነት ወሰደ። መንጠሩ መጥፎ ዕድል፣ ሚሊ ሜትሯ ጥሩ ዕድል። መሀል ላይ ያለው ሩጫስ?

እኔን የበለጠ የገረመኝ ሌላው ክሊፕ ነው። በዚያው ጨዋታ የቀኝ ተከላካያችን ሳጥን ውስጥ ተንሸራቶ ኳስ ነጥቆ ስታዲየሙን አስነስቷል። መለስ ሲባል ኳስ እያየ ፈዞ አጥቂው ከጀርባው አምልጦታል። መንሸራተቱ እጅግ ቆንጆ ነው፤ ትንሽ ቢዘገይ ግን ፍጹም ቅጣት ምት ነበር። ከዚያ ወዲህ የመከላከል ክሊፖችን ከቀደመው ቅብብል ጀምሬ እቆርጣለሁ።

ስብሰባው ሲበተን የቀኝ ተከላካዩ ጠጋ አለኝና "ያቺን ክሊፕ ላክልኝ፣ ገጼ ላይ ልለጥፋት" አለኝ።

"ከየት ጀምሬ?"

"ከመንሸራተቱ" አለ፣ ሳያመነታ።