ጥቅምትና ትራውት

ጥቅምት ሲገባ ትራውት የሚባለው የወንዝ ዓሣ የመንግሥት ሠራተኛ ይሆናል። አርፍዶ ይገባል፣ በጊዜ ይወጣል። በሐምሌና በነሐሴ በጠዋት ተነስቶ ወደ ወንዝ መውረድ ያዋጣል፤ ትራውቱ የሚበላት ትራይኮ የምትባለው ጥቃቅን ዝንብ ከውሃው ማለዳ ነው የምትወጣው። ውርጭ ሲበረታ ግን እሷም አበቃላት። አሁን ከቀኑ 7 ሰዓት በፊት ወንዝ ውስጥ መቆም ትርፉ ብርድ ነው። ዓሦቹ ቢበዛ እስከ 9 ሰዓት ተኩል ወደ ላይ እየወጡ ይበላሉ። ከዚያ በኋላ ምንም።

የቀረው ሰዓትስ? የካምፕ ኑሮ ነዋ። የወቅቱን መጨረሻ የምወደው ለዚህ ነው። ቀኑን ሙሉ የዓሣ ማጥመጃ ዘንግ ይዞ መሮጥ የለም። ትቀመጣለህ፣ ትበላለህ፣ ቡና ትጠጣለህ፣ ሰማዩን ታያለህ።

ያለነው ኮሎራዶ ነው፤ ሳውዝ ፕላት ወንዝ ላይ፣ ኢለቨን ማይል ካንየን የሚባል ሸለቆ ውስጥ። ከዴንቨር በመኪና ሁለት ሰዓት ገደማ ይሆናል። ሌክ ጆርጅ ከምትባለው ትንሽ መንደር በኋላ ፒስታ መንገድ ይጀምራል። ድሮ የኮሎራዶ ሚድላንድ ባቡር የሚሄድበት መስመር ነበር። ሐዲዱ ተነስቷል፤ ዓለቱን በስተው የሠሯቸው ዋሻዎች ግን አሁንም አሉ፣ መኪና ያልፍባቸዋል። ከላይ በ1932 የተሠራ ግድብ አለ። ውሃው ከግድቡ ስር ስለሚወጣ ክረምት ከበጋ ሙቀቱ ብዙ አይለዋወጥም። ሌላው ወንዝ በረዶ መያዝ ሲጀምር እዚህ ዝንብ የሚወጣው በዚህ ምክንያት ነው።

አብረውኝ የመጡት ጋሼ ናቸው። ስማቸው ኢንተርኔት ላይ እንዲወጣ አይፈልጉም፣ ስለዚህ ጋሼ ብቻ። ያደጉት ጎባ ነው። እኔ አዲስ አበባ ተወልጄ አድጌ ትራውት የሚባል ዓሣ ያየሁት አሜሪካ ከመጣሁ በኋላ ነው። እሳቸው ግን በልጅነታቸው ያውቁታል። በንጉሡ ጊዜ ከኬንያ አምጥተው ባሌ ውስጥ ዌብና ዳንካ ወንዞች ላይ ለቀውት ነበር፤ እስከ ዛሬም አለ። ጋሼ በመስፊያ ክርና በትል ነበር የሚይዙት። ስለዚህ የእኔን ዕቃ ሲያዩ ይስቃሉ። «ይሄ ሁሉ ለአንድ ዓሣ?» ይላሉ። ዋጋውን አልነገርኳቸውም።

ካምፓችን ከባሕር ወለል በላይ 2,500 ሜትር ገደማ ነው። ከአዲስ አበባ እምብዛም አይበልጥም። ብርዱ ግን የእንጦጦን ብርድ ያስመሰግናል። ጠዋት ጄሪካኑ ውስጥ ያለው ውሃ ከላይ በረዶ ሠርቶ ይገኛል። የድንኳኑ ውስጠኛ ጨርቅ በእስትንፋሳችን ረጥቦ፣ ከዚያ በረዶ ሠርቶ፣ ዚፑን ስትከፍት ብናኝ በረዶ አንገትህ ውስጥ ይገባል። ጋሼ በጋቢ ላይ የስሊፒንግ ባግ ደርበው ነው የሚያድሩት። ጋቢው ከስሊፒንግ ባጉ ይበልጣል ብለው ይከራከራሉ። እኔም ካየሁት በኋላ አልተቃወምኩም።

ጀበናውን ጋዝ ምድጃ ላይ እንጥዳለን፤ በደረቅ ወቅት እሳት ማንደድ የሚከለከልበት ጊዜ ብዙ ነው። በዚህ ከፍታ ውሃ 92 ዲግሪ አካባቢ ላይ ይፈላል፣ ልክ እንደ አዲስ አበባ። ጋሼ ቡናው እዚህ የሀገር ቤቱን ጣዕም ያመጣል ብለው ይምላሉ። እኔ ደግሞ በዚያ ብርድ ማንኛውም ትኩስ ነገር ይጣፍጣል ባይ ነኝ።

ምግብ መኪና ውስጥ ተቆልፎ ነው የሚያድረው። የጥርስ ሳሙናም ጭምር። ጥቁር ድብ በመከር ወራት ለክረምቱ እንቅልፍ ሲዘጋጅ በቀን እስከ 20,000 ካሎሪ ይበላል። የእኛ ዕቃ ደግሞ ሽሮ፣ በርበሬ፣ ንጥር ቅቤ። ሽታው ከሸለቆው ማዶ ይጠራል። ጋሼን ይህን ስነግራቸው፣ «የእኔን ሚጥሚጣ የቀመሰ ድብ ክረምቱን ሙሉ አይተኛም» አሉ። ረቡዕና ዓርብ ዓሣ ይበላል አይበላም የሚለው ክርክር ግን እዚህ አይነሳም። ከግድቡ በታች ባለው ክፍል ትራውት ከተያዘ ወደ ውሃው መመለስ ግዴታ ነው። ስለዚህ ፆምም ሆነ ፍስክ ሽሮ ነው።

ከሰዓት ደመናው ሲመጣ ወረድኩ። በዚህ ወቅት የምትወጣው ዝንብ ቤቲስ ናት። አጥማጆቹ ብሉ ዊንግ ኦሊቭ ይሏታል። ርዝመቷ ግማሽ ሳንቲ ሜትር ቢሆን ነው። ካደገች በኋላ ምንም አትበላም፤ የሚሠራ አፍ የላትም። ውሃው ላይ ክንፏን አቁማ እስኪደርቅላት ትንሳፈፋለች። ፀሐይ ካለ ቶሎ ትበራለች። ደመናና ካፊያ ካለ ግን ክንፏ ቶሎ አይደርቅም፣ ብዙ ትቆያለች፣ ትራውቱም ይደርስባታል። የእኛ ሰው ፀሐይ ወጣ ብሎ ሲደሰት እኔ ፊቴን የማጠቁረው ለዚህ ነው።

ክሬ ጫፍ ላይ የማስረው እሷን የምትመስል ሰው ሠራሽ ዝንብ ነው፤ ብዙ ጊዜ ፓራሹት አዳምስ የምትባለውን፣ በ22 ቁጥር መንጠቆ። ቁጥሩ በጨመረ ቁጥር መንጠቆው ያንሳል። አዳምስን በ1922 ሚሺጋን ውስጥ ሊዮናርድ ሃላዴይ የሚባል ሰው ነው የሠራት። መቶ ዓመት አልፏትም ትሠራለች። ፓራሹት የሚባለው ዓይነቷ ነጭ ክንፍ ስላላት ከሩቅ ትታያለች። ለእኔ ዓይን ደግሞ ይሄ ቀላል ነገር አይደለም።

ከማዶ ካለ ትልቅ ቋጥኝ ጥግ አንድ ትራውት ይበላ ነበር። ቆሜ አየሁት። አፍንጫው ብቅ ካለ ከላይ ያለችውን ዝንብ እየበላ ነው። ጀርባውና ጭራው ብቻ ከታየ ግን የሚበላው ገና ያልወጣችውን፣ ከውሃው ገጽ ስር ያለችውን ነው። የዚህኛው አፍንጫው ይታያል። ጥሩ። ችግሩ በእኔና በእሱ መካከል ያለው ውሃ ፈጣን ነው፣ እሱ ያለበት ደግሞ ቀርፋፋ። ክሩ ፈጣኑ ውሃ ላይ ሲያርፍ ይወሰዳል፣ ዝንቧንም ይጎትታታል። እውነተኛ ዝንብ ደግሞ እንደዚያ አትጎተትም፣ ትራውቱ ይሄን ያውቃል። ስለዚህ ክሩን ወዲያው ወደ ላይኛው ወገን አንስቼ አጠፍኩት። ሦስት አራት ሰከንድ ያህል ነፃ ሆና ሄደች። ቀስ ብሎ መጣ፣ ከስሯ ሆኖ ትንሽ አብሯት ሄደ፣ ከዚያ አፉን ከፈተ።

ቡናማ ትራውት ነበር። ሆዱ እንደ ቅቤ ቢጫ፣ ጎኑ ላይ ቀይ ነጠብጣብ፣ ነጠብጣቡ ዙሪያ ፈዘዝ ያለ ክብ። እጄን አርጥቤ ያዝኩት፤ በደረቅ እጅ ከተያዘ ቆዳውን የሚጠብቅለት ልጋግ ይነሳል። ሳላወጣው መንጠቆውን ፈታሁለት።

ጋሼ ዳር ላይ ወንበራቸውን ዘርግተው ያዩኛል። «ይዘህ የምትለቀው ከሆነ ለምን ታስቸግረዋለህ?» አሉኝ። ጥያቄው ልክ ነው። ያለኝ መልስ ይሄ ብቻ ነው፦ ትልቅ ከተማ አጠገቡ ያለ ወንዝ ሁሉም የያዘውን ወስዶ ቢሄድ ዓሣው አንድ ዓመት አይቆይም። የዓሣውን ወገን ለሚጠይቅ ግን ይሄ መልስ አይሆንም።

አንድ ነገር ላይ ግን ተስማምተናል። ቡናማ ትራውት በጥቅምትና በኅዳር ነው እንቁላል የሚጥለው። ሴቷ በጭራዋ ጠጠሩን ትጠርጋለች፣ ቦታው ከአካባቢው ነጣ ብሎ ይታያል። እዚያ ላይ መርገጥ እንቁላሉን መጨፍለቅ ነው። እዚያ ላለ ዓሣ መንጠቆ መጣልም ነውር ነው፣ ሕግ ባይከለክልም። ነጣ ያለውን ቦታ ጋሼ ከእኔ ቀድመው ያያሉ፣ «እዚያጋ እንዳትረግጥ!» ብለው ይጮኻሉ። ጠባቂ ቢቀጠሩ ይሻላል።

ለቅዳሜ የአየር ትንበያው ሙሉ ፀሐይ ይላል። ጋሼ ደስ ብሏቸዋል። ዝናብ ቢቀላቅል ይሻለኛል ስላቸው፣ «አንተ ልጅ፣ ጤናም የለህ» አሉኝ። ቀጥለውም ዕጣን ማለቁን አስታወሱኝ።