የባጁ ጀርባ

ድሬዳዋ ታይዋን ገበያ አካባቢ የቦንዳ ልብስ የሚሸጡ ልጆች ከሩቅ ያውቁኛል። ቦንዳው ተፈቶ ልብሱ ሸራ ላይ ሲዘረገፍ ሌላው ገዢ ሱሪና ጃኬት እየመዘዘ ወደ ብርሃን አንሥቶ ሲያይ፣ እኔ የምዳብሰው የኮት ኮሌታና የደረት ኪስ ነው። ልማዴን ካወቁ ወዲህ እነሱ ራሳቸው ከጨርቁ ላይ ቆርቆሮ ነገር ሲያገኙ ነቅለው በፌስታል ያስቀምጡልኛል። አንደኛው ልጅ የራሱ የዋጋ ደንብ አለው፤ መርፌው ሳይወጋው ያገኘውን በ10 ብር ይሰጠኛል፣ ጣቱን የወጋውን ግን «አቦ፣ ይሄኛው ደም አለበት» ብሎ 20 ብር ያስከፍለኛል።

የምሰበስበው የድሮ ባጅ ነው። ባጅ ስል ዛሬ በየመሥሪያ ቤቱ አንገት ላይ የሚንጠለጠለውን የመታወቂያ ካርድ ማለቴ አይደለም፤ ክብ ሆኖ፣ ፊቱ ላይ ሥዕል ወይም መፈክር ታትሞበት፣ ከጀርባው ባለው መርፌ ደረት ላይ የሚሰካውን የቆርቆሮ ባጅ ማለቴ ነው። ባለፉት አሥራ አንድ ዓመታት ከ200 በላይ አጠራቅሜአለሁ። ከዚራ በሚገኘው ቤታችን ውስጥ፣ በእንጨት ፍሬም ላይ በተወጠረ አቡጀዲ ተሰክተው ተደርድረዋል፤ ባለቤቴ ይህን ግድግዳ «የጡረተኛው ጄኔራል ደረት» ትለዋለች። እንግዳ ሲመጣ ፊታቸውን አይቶ ይደነቃል፤ እኔ ግን ነቅዬ ጀርባቸውን ካላሳየሁት ያየ አይመስለኝም።

የዚህ ዓይነቱ ባጅ ሆድ ምን እንደሚመስል ያወቅሁት አንድ የዛገ ባጅ እጄ ላይ በተበታተነ ጊዜ ነው። እንደ ጠርሙስ ክዳን የጎበጠ ስስ ቆርቆሮ፣ ሥዕሉ የታተመበት ክብ ወረቀት፣ ወረቀቱን የሸፈነች ብርሃን አሳላፊ ሴሉሎይድ (የድሮ ፕላስቲክ)፣ ሦስቱን አጥብቆ ከኋላ የሚይዝ የብረት ቀለበት። መርፌው ደግሞ ለብቻው ነው፤ ሽቦው እንደ ስፕሪንግ ተወጥሮ ቀለበቱ ውስጥ ስለሚቀመጥ ብየዳም ሙጫም አያስፈልገውም። ይህ ዓይነቱ ባጅ ከመምጣቱ በፊት አሜሪካኖች መሪያቸውን የሚደግፉበትን ምልክት ኮታቸው ላይ የሚሰፉበት ጊዜ ነበር፤ እ.ኤ.አ. በ1789 ጆርጅ ዋሽንግተን ሥልጣን ሲይዝ ያደረጉት የናስ ቁልፍ ነበር። ኒው ጀርሲ ግዛት ኒውአርክ ከተማ የነበረው ኋይትሄድ ኤንድ ሆግ የተባለ ኩባንያ ይህን ርካሽ ባጅ ያወጣው ግን በማኪንሌይና በብራያን የፕሬዚዳንትነት ምርጫ ፉክክር ወቅት፣ እ.ኤ.አ. በ1896 ነው። በመርፌ የሚሰካ ስለሆነ ድጋፍን ጠዋት ሰክቶ ማታ መንቀል ተቻለ።

ከዚህ ኩባንያ ሥራ አንዲት ባጅ አለችኝ። ሐረር ፈረስ መጋላ አጠገብ ካለ ቅርሳ ቅርስ ሻጭ የገዛኋት ስትሆን፣ ፊቷ ላይ ያለችው ባለ ኮፍያ ሴት ማን እንደሆነች አላወቅሁም፤ ጀርባዋ ግን አልደበቀኝም። በቀለበቱ ውስጥ የተለጠፈች ትንሽ ክብ ወረቀት የኩባንያውን ስም፣ ከተማውን፣ የፈጠራ መብቱን ቀን ሳይቀር በደቃቅ ፊደል ትዘረዝራለች፦ ጁላይ 21 ቀን 1896። በእኛ አቆጣጠር ሐምሌ 1888 መሆኑ ነው፤ ዓድዋ ከተዋጋን አምስት ወር እንኳ አልሞላም። ድሬዳዋ ራሷ የተቆረቆረችው ባቡሩ በ1895 ሲደርስ ስለሆነ፣ ይህች ሐሳብ ከከተማዬ ትበልጣለች። የባጅን ጀርባ የማንበብ አመል የያዘኝ ከእሷ በኋላ ነው።

በቦንዳ የሚመጡት ብዙውን ጊዜ እንዲህ አያረጁም። ደም ለግሻለሁ የሚሉ፣ የልደት ቀን የሚያበስሩ፣ የአንድ ሰሞን ሱቅ ማስታወቂያዎች ናቸው። ከሁሉም የሚበዛው ያ ቢጫ ፈገግተኛ ፊት ነው፤ ስድስት አሉኝ። ፊቱን የሣለው ሃርቪ ቦል የሚባል አሜሪካዊ ሠዓሊ ሲሆን፣ እ.ኤ.አ. በ1963 ዉስተር ከተማ የሚገኝ አንድ የኢንሹራንስ ኩባንያ የሠራተኞቹ ሞራል በመውደቁ ፈገግታ የሚያስታውስ ባጅ እንዲሠራለት አዝዞት ነው። የተከፈለው 45 ዶላር ብቻ ነበር፤ ሥዕሉን በስሙ ስላላስመዘገበው ዓለም ሁሉ ሲቸረችረው ከዚያ ሌላ አልደረሰውም። ከስድስቱ አንደኛውን የወደድኩት ግን በዚህ ታሪክ አይደለም። የጂንስ ጃኬት ላይ ተሰክቶ የመጣ ነው፤ መርፌው ሥር የሰማያዊ ጨርቅ ክር ተጠምጥሞበታል፣ ቀለበቱም ከጃኬቱ ጋር አብሮ ብዙ ጊዜ ስለታጠበ ዝጎ ጨርቁ ላይ ክብ ምልክት ትቷል። ባለቤቱ ያን ጃኬት ሲጥል ባጁን መንቀል ረስቶት ይሁን ትቶት አላውቅም፤ በየቀኑ ያደርገው እንደነበር ግን ክሩ ይመሰክራል።

ከራሳችን አገር ያገኘኋቸው በቦንዳ አይመጡም፤ ከየሰው ሳጥን ነው የሚወጡት። በደርግ ዘመን ባጅ እንደ ጉድ ይታደል ስለነበር ያልተሰጠው ሰው አልነበረም ማለት ይቻላል፤ መንግሥት በ1983 ሲለወጥ ደግሞ ሁሉም በአንድ ሌሊት ከደረት ጠፋ። ሶቪየት ኅብረት ተምረው የተመለሱት ሰዎች የሌኒንን፣ ከሁሉም በላይ ደግሞ የሞስኮ ኦሊምፒክ መለያ የሆነውን ድብ፣ ሚሻን፣ በገፍ ይዘው መጥተዋል። እነዚህ በቀለም የተሞሉ ቅርጽ ያላቸው ብረቶች እንጂ በወረቀትና በሴሉሎይድ የተሠሩ ስላልሆኑ ከክምችቴ ጋር አልቆጥራቸውም፤ ሚሻን ብቻ ምሩጽ ይፍጠር በዚያ ኦሊምፒክ በ5,000 እና በ10,000 ሜትር ወርቅ ስላመጣ ልዩ ፈቃድ ሰጥቼዋለሁ። የሽመንደፈርን (የምድር ባቡሩን) የናስ የደንብ ልብስ ቁልፎች የሚያመጡልኝም ሰዎች አሉ፤ የሚሰፋ ነገር ባጅ አይደለም እያልኩ እመልሳቸዋለሁ። ደረቅ ነህ ይሉኛል፤ እውነታቸውን ነው።

ካየኋቸው ሁሉ የምመኘው ግን የእኔ አይደለም። ገንደ ቆሬ የሚኖሩ፣ የጓደኛዬ አክስት የሆኑ እናት፣ በ1967 የእድገት በኅብረት የዕውቀትና የሥራ ዘመቻ ሲታወጅ የአሥራ ሁለተኛ ክፍል ተማሪ ነበሩ፤ 60,000 ያህል ተማሪና መምህር ወደ ገጠር ሲዘምት እሳቸውም አብረው ወጡ። ባጁ ዛሬ ፊት የሚባል ነገር የለውም፤ ቀለሙ ተልጦ ጥቁር ቆርቆሮ ብቻ ቀርቷል፤ የዘመቻው መሆኑን የሰማሁትም ከአፋቸው ነው። ጀርባው ላይ ያለው መርፌ ግን በጉልበት ወደ ውስጥ ታጥፎ፣ ጫፉ ተቆልምሟል። ምን ሆኖ እንደሆነ ስጠይቃቸው ወዲያው አልመለሱልኝም፤ ቡናውን ቀድተው ሁለተኛው እስኪደርስ ጠበቅሁ። ከዘመቻ ሲመለሱ ጊዜው ከፍቶ፣ ዘማች የነበረ ሁሉ በዓይን ይፈለግ ስለነበር፣ ባጁን ከቀሚሳቸው ጠርዝ በውስጥ በኩል ሰክተውት ነበር፤ እንዳይወጋቸውና እንዳይወድቅ መርፌውን በጥርሳቸው ነክሰው ያጠፉት እሳቸው ናቸው።

«ለምን አልጣሉትም?» አልኳቸው።

«ብጥለው ማን ያገኘዋል ብዬ ፈራሁ፤ በኋላ ደግሞ መፍራቱ ሲያልፍ ሳሳሁለት።»

እንዲሸጡልኝ ሁለት ጊዜ ሽማግሌ እስከ መላክ ደርሼ ነበር። «ልጄ፣ ፊት ያለውን ፈልግ፤ ይሄ ምን ያደርግልሃል?» አሉኝ። ፊት ያለው እንደማያስፈልገኝ ላስረዳቸው ብሞክርም አላመኑኝም፤ ፎቶውን ግን አንስቼዋለሁ፣ ያውም የጀርባውን ብቻ።

በእኔ እጅ የተበላሸ አንድ አለ፤ እሱን ሳልናገር ማለፍ አይገባኝም። አንድ ጡረተኛ መምህር በመሠረተ ትምህርት ዘመቻ ያገኙትን ባጅ በወረቀት ጠቅልለው ሰጡኝ። ዘመቻው ሐምሌ 1971 ተጀምሮ ኋላ በ15 ቋንቋዎች የተሰጠ፣ በተጀመረ በዓመቱም የዩኔስኮን ሽልማት ያገኘ ሥራ ነበርና እሳቸው በዚህ ባጅ ይኮሩበታል። እኔ ደግሞ የዚያን ጊዜ ጀማሪ ነበርኩ፤ ዝገቱን ላስለቅቅ ብዬ በሎሚና በሳሙና ውሃ ዘፈዘፍኩት። ውሃው በሴሉሎይዱ ጠርዝ ሰርጎ ወረቀቱ ውስጥ ገባ፤ በማግስቱ የደረቀ ሲመስለኝ ከጠርዙ ጀምሮ እንደ ሻይ እድፍ ያለ ቡናማ ቀለም ወደ መሃል እየተጓዘ ነበር። በሳምንቱ ጽሑፉን ዋጠው። መምህሩ ሳያዩት ለመደበቅ አስቤ ነበር፤ ኋላ ግን ይዤው ሄድኩ። መነጽራቸውን አድርገው ለረጅም ጊዜ ካገላበጡት በኋላ፣ ያን ጊዜ እኔ ከተማሪዎቻቸው አንዱ ብሆን ኖሮ በማስመሪያ ይገርፉኝ እንደነበር ነግረውኝ መልሰው ሰጡኝ። ከዚያ ወዲህ ደረቅ የጥጥ ጨርቅ እንጂ ውሃ የሚባል ነገር ባጅ አላስነካም፤ ለዛገ መርፌ ብቻ በክብሪት እንጨት ጫፍ አንዲት ጠብታ የስፌት መኪና ዘይት አደርጋለሁ።

ሙቀቱ ሌላው ጠላቴ ነው። ሴሉሎይድ ከካምፎር ጋር ተደባልቆ የሚሠራ ነገር በመሆኑ ሲሞቅ ካምፎሩን ይለቃል፤ በአውራ ጣት አሽተው ቢያሸቱት ልብስ ሳጥን ውስጥ እንደሚቀመጠው የብል መድኃኒት ይሸታል፣ እውነተኛውን ከኋለኛው ፕላስቲክ የምለየውም በዚህ ነው። ለድሬዳዋ ፀሐይ ከተጋለጠ ግን ይቢጣል፣ ይኮማተራል፣ በመጨረሻ ይሰነጠቃል። ስለዚህ አሮጌዎቹን ምዕራብ ከሚያየው ግድግዳ አንሥቼ ቁምሳጥን ውስጥ አስገባኋቸው። የደንገጎን ዳገት ወጥቶ ሐረር የደረሰ ሰው ቅዝቃዜው ለባጅ እንደሚስማማ ያውቃል፤ ዘመዶቼ ቤት ላኖራቸው አስቤ ነበር፣ አላስችል ብሎኝ ተውኩት። እዚያው ሐረር፣ የአቶ አብደላ ሸሪፍን የግል ሙዚየም በራስ ተፈሪ ቤት ውስጥ ካየሁ በኋላ ነው ለእያንዳንዱ ባጅ ካርድ መጻፍ የጀመርኩት፤ አንድ ሰው ብቻውን ይህን ሁሉ ብራና፣ ሳንቲምና ጎራዴ ሲሰበስብ፣ የእኔ 200 ቆርቆሮ ያለ ስምና ያለ ታሪክ መቀመጡ አሳፈረኝ። ካርዱ ላይ አራት መስመር አለ፦ ፊቱ፣ ጀርባው፣ ከየት መጣ፣ ማን አደረገው።

አራተኛውን መስመር ለመሙላት አሁን የምለፋበት አንድ ባጅ አለ። አንድ ጸጉር አስተካካይ መስታወቱ ጥግ ላይ ሰክቶት ያየሁት ነው፤ ከአባቱ የወረሰው ቤት ስለሆነ ባጁንም ከመስታወቱ ጋር ወረሰው። ፊቱ ላይ የቀረው ኳስና 1976 የሚል ቁጥር ብቻ ነው። በእኛ 1968 መሆኑ ነው፤ በዚያ ዓመት የካቲትና መጋቢት የአፍሪካ ዋንጫ በአዲስ አበባና በድሬዳዋ ተካሂዷል፣ ሞሮኮም ዋንጫውን ወስዳለች። ድሬዳዋ ስታዲየም የተጫወቱት ናይጄሪያ፣ ሞሮኮ፣ ሱዳንና ዛየር ነበሩ፤ ያለፈው ሻምፒዮን ዛየር እዚሁ ከተማችን ውስጥ ከምድቧ ወድቃ ቀረች። የእኛ ቡድን የተጫወተው አዲስ አበባ ስለነበረ፣ የድሬ ሰው ያን ሰሞን የሰው ቡድን መርጦ ይደግፍ እንደነበር አባቴ ይነግረኝ ነበር።

ጀርባውን ስገለብጠው የመጀመሪያው ሽቦ የለም። በምትኩ የተለመደ መርፌ ቁልፍ ቀለበቱ ላይ በሊድ ተበይዷል፤ ብየዳው እንደ ምስር ፍሬ ክብና አንጸባራቂ ነው፣ ሴሉሎይዱን ሳያቃጥል እንዲህ አድርጎ መበየድ የሚችል እጅ ደግሞ በየመንደሩ አይገኝም። የባቡሩ ትልቁ ጥገና ቤት እዚሁ ድሬዳዋ ስለነበር፣ የዚያ ጥገና ቤት ሠራተኛ እጅ ይመስለኛል። አስተካካዩ በ150 ብርና በነጻ ጸጉር ቁረጥ ተስማምቶ ሰጠኝ፤ ነጻው ጸጉር ቁረጥ እኔ የምቆረጠው ሳይሆን፣ እኔ ለእሱ ሦስት ደንበኛ አምጥቼ የምከፍለው ነው። ሁለቱን አምጥቻለሁ። ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ ለገሀር ፊት ለፊት ከዛፉ ሥር የሚቀመጡ የምድር ባቡር ጡረተኞች አሉ፤ ፊቱን ሳይሆን ብየዳውን አሳያቸዋለሁ፣ የማን እጅ እንደሆነ ከእነሱ አንዱ ያውቅ ይሆናል።