የጡት አጎራረስ በስላይድ አይለመድም

ሥልጠና የወሰደችን የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኛ ስለ ጡት ወተት ጥቅም ብትጠይቋት እንደ ዳዊት ትደግመዋለች። የጡቷ ጫፍ የቆሰለ እናት ስትመጣባት ግን እጇ ይታሰራል። የዓለም ጤና ድርጅትና ዩኒሴፍ ለማዋለጃ ክፍል ባለሙያዎች እ.ኤ.አ. በ2009 ካወጡት የ20 ሰዓት ኮርስ 4 ሰዓት ተኩሉ ከእናቶች ጋር የሚደረግ ልምምድ ነበር። ቀን ሲያጥር መጀመሪያ የሚቆረጠውም እሱ ነው!

ሠልጣኞቹ መጀመሪያ ክፍል ውስጥ ከካልሲና ከጥጥ በተሰፋ ጡትና በአሻንጉሊት ይለማመዱ። ከዚያ ወላዶቹ ክፍል ገብተው እጃቸውን አጣምረው ይዩ። ሕፃኑ በደንብ መጉረሱን የሚያሳዩት ምልክቶች አራት ናቸው፦ የሕፃኑ አፍ በሰፊው ተከፍቷል፤ የታች ከንፈሩ ወደ ውጭ ተቀልብሷል፤ አገጩ የእናቱን ጡት ነክቷል፤ በጫፉ ዙሪያ ያለው ጠቆር ያለ ክፍል ከአፉ በታች ካለው ይልቅ በላይ ያለው ጎልቶ ይታያል። ጫፉን ብቻ ከጎረሰ ጫፉ በምላሱና በላንቃው መካከል እየታሸ ይቆስላል፤ ወተቱም በደንብ ስለማይወጣ ጡቱ ይወጠራል፣ ልጁም ሳይጠግብ ያለቅሳል። ያኔ እናትየው ጎትታ እንዳታስለቅቀው፤ ንጹሕ ትንሽ ጣቷን በአፉ ጥግ አስገብታ ታላቅቀውና እንደገና ታጉርሰው።

አዲስ ሠልጣኞች የሚቸኩሉት እዚህ ላይ ነው። የሕፃኑን ማጅራት ይዘው ወደ ጡት ይገፉታል፤ እሱ ደግሞ ወደ ኋላ ተለጥጦ ይታገላል። እናትየው ከጀርባውና ከትከሻው ደግፋ፣ ሆዱን ወደ ሆዷ አዙራ፣ አፉን እስኪከፍት ጠብቃ ራሷ ታምጣው። ባለሙያዋ በአሻንጉሊቱ ታሳያት እንጂ የእናትየውን ጡት አትያዝ።

ጥያቄም ይለመዳል። «በደንብ እያጠባሽ ነው?» ቢሏት መልሷ «አዎ» ነው፤ በዚያው ይዘጋል። «እስቲ ትናንት ማታ እንዴት አጠባሽው?» ስትባል ግን ለልጁ የተሰጠው ቅቤም የአብሽ ውሃም ይወጣል። አያቲቱ አጠገቧ ከተቀመጡ ምክሩ ለእሳቸውም ይነገር፤ ብዙ ቤት ውሳኔው የእሳቸው ነው። «ወተቷ አልመጣም» ካሉ፣ በመጀመሪያው ቀን ሕፃኑ በአንድ ጊዜ የሚወስደው አንድ የሻይ ማንኪያ ያህል እንደሆነ፣ እንገሩም እንደሚበቃው ማንኪያውን ይዞ ማሳየት ነው። ከሳምንት በኋላ ስለ ወተት ማነስ ከመጣች ደግሞ ሽንቱ ይቆጠር፤ በቀን 6 ጊዜና ከዚያ በላይ ከሸና፣ ክብደቱም እየጨመረ ከሆነ ወተቱ አላነሰም።

ከሥልጠናው በኋላ ለክትትል የሚሄድ ሰው መዝገብ አገላብጦ አይመለስ። ሕፃኑ ጡት ከያዘበት እስኪለቅ ከሠራተኛዋ ጎን ተቀምጦ ይይ፤ አስተያየቱን ግን እናትየው ከሄደች በኋላ ይንገራት።